ከኡላን ኡዴ ለአጎት የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አጎት፣ አዲስ አበባ።

ላኪው በአጎት ጸሎት በሙሉ ጤንነት እንደሚገኝና ከለንደን የተነሣችው መኪናም፣ ቢያንስ በሰነድ ረገድ፣ በሕይወት እንዳለች ይህ ደብዳቤ አስቀድሞ ያስታውቃል።

ላኪው የተሳተፈበት የሞንጎል ራሊ በ2004 እ.ኤ.አ. በቶም ሞርጋን የተጀመረ፣ ከአውሮፓ ተነሥቶ መዳረሻውን መጀመሪያ በሞንጎሊያዋ ዋና ከተማ በኡላንባታር፣ በኋላ ደግሞ በሩሲያዋ ኡላን ኡዴ ያደረገ፣ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የበጎ አድራጎት ጉዞ ነው። ራሊ ሲባል እሽቅድምድም ቢመስልም ቀድሞ ለደረሰ ሽልማት፣ ለሁሉም የተወሰነ መንገድ፣ መኪና ሲበላሽም ከኋላ ተከትሎ የሚጠግን መካኒክ የለም። እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 1,000 ፓውንድ ማሰባሰብ ሲኖርበት፣ ከዚህ ውስጥ 500 ፓውንዱ የዝናብ ደንን ለሚጠብቀው ኩል ኧርዝ ለተባለ ድርጅት ይውላል፤ ቀሪውን ቡድኑ ለመረጠው በጎ ሥራ ይሰጣል። ከሕጎቹ ሁሉ አስገራሚው የሞተሩ መጠን ከ1,000 ሲሲ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር፣ እንዳይበልጥ የሚያዘው ሲሆን፣ በዚህ ሚዛን ከተሄደ 1,200 ሲሲ ገደማ ሞተር ያላት ሰማያዊና ነጭ የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ጉልበቷ በዝቷል ተብላ ከደጅ ትመለሳለች።

ከአሰብ ወደብ እስከ አዲስ አበባ በአፋር በረሃ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ ለኖሩ አጎት ይህ ሁሉ ግራ ቢያጋባ አይፈረድም። በዚያ መንገድ ጎማ ፈንድቶ፣ ሞተር ሞቆ፣ ባሌስትራ ተሰብሮ ሾፌርና ረዳት በመኪናው ሥር ሲያድሩ ነገሩ እንጀራ ይባል ነበር እንጂ ጽድቅ ተብሎ አያውቅም፤ በአውሮፓ ግን ያንኑ መከራ ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲገዛው ምግባረ ሠናይ ይሆናል። የአሠራሩ ምስጢር በቃል መግባት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስለ ደን መመንጠር ሲነገረው ኪሱን የማይዳብስ ሰው፣ ወዳጁ በአሮጌ መኪና ሲንገላታ ለማየት በደስታ ይከፍላል፣ መኪናዋም ይበልጥ በደከመች ቁጥር ቃል ገቢው ይበረክታል። ከቃል ገቢዎቹ አንዱ የደብዳቤው ተቀባይ መሆናቸው ከታች ይነሣል።

የመንገዱ ሁሉ ፈተና ኤም 41 የተባለው፣ በሶቪየቶች የተሠራውና ታጂኪስታንን ከኪርጊስታን የሚያገናኘው የፓሚር ጎዳና ነው። በዚህ ጎዳና ላይ የሚገኘው የአክባይታል በር 4,655 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ራስ ዳሸን በአሮጌው የትምህርት ቤት መጽሐፍ 4,620፣ በኋለኛው ልኬት ደግሞ 4,550 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ መኪናዋ ከኢትዮጵያ ጣሪያ በላይ መውጣቷ የማይካድ ነው፤ በራሷ ኃይል ወጣች ማለት ግን ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከ60 በመቶ በታች ስለሚወርድ፣ ድሮውንም ትንሽ የነበረው ጉልበት ወደ ግማሹ ይጠጋል። ስለዚህ ከሦስቱ ተጓዦች ሁለቱ ወርደው መግፋት ነበረባቸው፤ ይኸው የተፈጥሮ ሕግ ግን በገፊዎቹም ሳንባ ላይ ይሠራል። ላኪው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ስላደገ ደጋ ይስማማዋል በሚል ሳይንስ ነክ ክርክር፣ ሁለቱ እንግሊዛውያን ባልደረቦቹ መሪውን በየተራ እየያዙ ገፊነቱን ለእርሱ በቋሚነት ሰጡት። በዚያ ላይ ውሃ በዚህ ከፍታ በ85 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈው ራዲያተር እሳት እንደበዛበት ጀበና ሲገነፍል ዋለ።

በምዕራብ ሞንጎሊያ ደግሞ አስፋልቱ ያልቅና፣ ደረቅ ጠጠር በጎማ እየተገፋ የሚሠራው የተከታታይ ጉብታ መንገድ ይጀምራል፤ ቀስ ሲሉበት አጥንት ያላቅቃል፣ ሲፈጥኑበት መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ ግን መሪው አይታዘዝም። ማርሚታዋ በዚሁ መንገድ ወድቃ ቀረች፤ የኋላ ሞላዋ ተሰብራ ኮቭድ በተባለች ከተማ በያጅ እስኪገኝላት ድረስ ተጓዦቹ ጌር በሚባለው፣ በበግ ጸጉር በተሠራ ድንኳን፣ የአንድ እረኛ ቤተሰብ እንግዶች ሆኑ። በዚያ ለእንግዳ የሚቀርበው አይራግ፣ ማለትም የኮመጠጠ የፈረስ ወተት፣ ሲሆን ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ እምቢ ማለት ነውር በመሆኑ ላኪው ጥቂት ስለቀመሰ፣ የፈረስ ወተት ይገድፍ አይገድፍ እንደሆነ አጎት የንስሓ አባቱን በዘዴ እንዲጠይቁለት ይለምናል።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው፤ መኪናዋ ኡላን ኡዴ ደርሳለች። የመጨረሻውን ጥቂት ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ተጎትታ መግባቷ እውነት ቢሆንም፣ አጎት በስልክ የተናገሩት “ከደረሰች 5,000 ብር ከኪሴ” የሚል እንጂ በራሷ ሞተር የሚል ቃል ስላልነበረበት፣ ይህ ጉዳይ ለክርክር ክፍት አይደለም። ስለሆነም የተባለው ገንዘብ ለእኅታቸው፣ ለላኪው እናት፣ በእጅ ቢሰጥ፣ ላኪው ተመጣጣኙን በፓውንድ ለድርጅቱ ይከፍላል፤ እናቱም ከላዩ ላይ ለእቁብ እንዳይቀንሱ አጎት በጥብቅ እንዲያስታውቁ አደራ ይላል።

አክባሪዎ፣ የእኅትዎ ልጅ