«ፊትሽን ምን ነካው?»

ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄዋ ትመጣለች። «ደህና ነሽ? ልጅሽ ደህና? ፊትሽን ግን ምን ነካው?» የሚጠይቁኝ ሰዎች ባለፈውም ጠይቀውኛል፤ መልሱም ያኔ የነገርኳቸው ነው። ብጉር ነው። «በዚህ ዕድሜሽ?» አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሠላሳን አልፈን፣ ወልደን፣ ሽበት ማብቀል ጀምረን ብጉር ያልለቀቀን ብዙ ነን፤ ከወንዶቹ ይልቅ ደግሞ ሴቶቹ እንበዛለን። የወር አበባ ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት አገጭና መንጋጋ ላይ ይፈላል። ይህን ለሰው ሁሉ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ከጥያቄው ቀጥሎ ምክር ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞሩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ምች ነው፤ ዳማ ከሴ አሽተሽ ተቀቢበት» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ አዝነውልኝ ነው። ግን ፊቴ እንደ ገበያ ዕቃ ሲገላበጥ ታክሲው ሙሉ ሰው ያያል። አንዷ እርድ በማር ትላለች፣ ሌላዋ እሬት፣ ሌላዋ ሎሚ፤ የጥርስ ሳሙና የሚልም አይጠፋም። ሎሚውም ሳሙናውም የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላሉ። ላላገባችው «አግቢ፣ ይለቅሻል» ነው፤ ላገባችው «ውለጂ፣ ይጠፋል»። እኔ ወልጄም አልጠፋም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «በደንብ ታጠቢ» የሚለው ነው። ብጉር ያለበት ሰው ንጽሕና የጎደለው ነው ያለው ማን ነው? ሆርሞን ከቆዳ ሥር ያሉትን የቅባት ዕጢዎች ሲያነቃቃ ቅባቱ ይበዛል፤ የሞተ ቆዳ ከቅባቱ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል። አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እንኳ እድፍ አይደለም፤ ቀዳዳውን የደፈነው ነገር አየር ሲያገኘው የሚጠቁረው ነው። በሻካራ ጨርቅ መፈተግ ቁጣውን ያባብሰዋል እንጂ ፊቱን አያጠራውም።

ሕመሙንስ ማን ይጠይቃል? ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳማችንን እወደዋለሁ። ነገር ግን አፍ ሳያወጣ ከቆዳ ሥር የጠጠረ ብጉር ላይ የዘመድ ጉንጭ አጥንት ሲያርፍበት ዓይን እንባ ያቀርራል። ሰርግ ወይም ለቅሶ ቤት ከሆነ ደግሞ መሸሻ የለም፤ ተራ በተራ ሁሉም ይስማል። ማታ በዚያ ጎን መተኛት አይቻልም፤ ጠዋት ትራሱ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ።

«ፊት የሚያጠራ» እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ቅባትም ሌላ ጣጣ ነው። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት አለ፤ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። በጥቂት ቀን እብጠቱ ይቀንሳል፣ ፊት ይፈካል፣ ጓደኛ ለጓደኛ ይነጋገራል። ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፤ ቅባቱ ሲቆም ብጉሩ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ጠባዩን እያወቀ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚሸጥ ሰው ያበሳጨኛል፤ ለዚህ ምንም ማለሳለሻ ቃል የለኝም።

ትክክለኛው ሕክምና ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ሆነ አዳፓሊን ውጤቱ በደንብ የሚታየው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ሰዉ ግን በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልሽም፣ ተዪው» ይላል። ለከባዱ ብጉር የሚታዘዘው ኢሶትሬቲኖይን እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ከንፈር ይሰነጣጥቃል፣ ዓይን ያደርቃል፤ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳም እየወሰዱት ማርገዝ በፍጹም አይገባም። «ሁለተኛ ውለጂና ይጥፋልሽ» የተባልኩት ይህንኑ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ምን ብዬ ልመልስ? ስለ ማህፀኔ በእድር ድንኳን ውስጥ ላስረዳ?

ብጉሩ ሲጠፋ ጥቁረቱ ይቀራል። እንደኛ ጠይም በሆነ ቆዳ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ፀሐይ ደግሞ ያጠቁረዋል። ፀሐይ መከላከያ ተቀቢ ይባላል፤ ገዝቼ ስቀባው ፊቴ አመድ ይመስላል። ለኛ መልክ ታስቦ የተሠራውን ፈልጎ ማግኘት ድካም ነው፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም።

ከፊቴ ጋር ግን ከታረቅን ቆይተናል። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ቀጠሮዬን አላሳልፍም፤ እስኪድን ድረስ ግን ከቤት አልቀርም፣ ከፎቶም አልሸሽም። የአጎቴ ልጅ ስታገባ ሚዜ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው ፊቴን በኮምፒውተር አለስልሶ አለስልሶ እናቴ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» እስክትል አደረሰው። ያልተነካካውን ላክልኝ ብዬ ደወልኩለት። «አይሻልሽም?» አለኝ። አይሻለኝም አልኩት። ጉንጬ ላይ ያለው ጠባሳ እናቴ የምታውቀው ፊት ላይ ያለ ነው።

ስለዚህ ወዳጅ ዘመዶቼ፣ እናንተ ያያችሁትን እኔ ጠዋት በመስታወት አይቼዋለሁ። ሐኪም አለኝ። ስንገናኝ ስለ ቤት ኪራዩ አውሩኝ፣ የልጄን ትምህርት ጠይቁኝ፣ ሥራ እንዴት ነው በሉኝ። የምነግራችሁ ብዙ አለኝ።