አጥፍተህ አብራው

መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ያልፈለገውን ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ግን አንድ ዕቃ ይጠፋል፤ ሲስተም። ስኳር የጠፋ ጊዜ ለደንበኛ ከጓዳ ይወጣለታል። «ሲስተም የለም» ከተባለ ግን ቢለማመጡም ቢቆጡም ከጓዳ የሚወጣ የለም።

እኔ እዚያው ዱባይ ተራ አካባቢ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሰርቨር ጠባቂ ነኝ። አሠሪዬ ሐጂ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ ልጅ ማጥፋትና ማብራት ተምሮ ዲግሪ የያዘ ነው» ይላሉ። ብዙም አልተሳሳቱም። የምንጠቀምበት ቶምካት የተባለ የሰርቨር ሶፍትዌር ለማስነሻ ስታርትአፕ፣ ለማቆሚያ ሻትዳውን የሚባሉ ፋይሎች አሉት። ሁለተኛው ሲታዘዝ በ8005 ፖርት በኩል «ሻትዳውን» የምትል አንዲት ቃል ይልካል፤ በቃ። ሶፍትዌሩን የጀመረው ጄምስ ዳንካን ዴቪድሰን በድመት ስም የጠራው፣ ድመት ራሷን ችላ ትኖራለች ብሎ ነው። ራሷን ብትችልማ እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር?

ሐጂ ትዕግሥት የላቸውም። «ምን ያንቀራፍፍሃል? ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው!»

«ሐጂ፣ እርስዎ ማታ ሱቅ ሲዘጉ ገዢ ውስጥ እያለ ቆልፈው ይሄዳሉ?»

«አስተግፊሩላህ!»

አይሄዱም። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ ያወርዱታል። አዲስ ሰው አይገባም፤ የገባው ሒሳቡን ከፍሎ ጎንበስ ብሎ ይወጣል፤ ቁልፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርቨርም በወጉ ሲቆም የጀመረውን ሥራ ይጨርሳል። «ኪል ማይነስ ናይን» የምንለው ትእዛዝ ግን ገዢውን ገንዘቡን እንደቆጠረ ጨለማ ውስጥ ይቆልፍበታል። አንዳንዴ ደግሞ ጠፋ ብዬ ላስነሣው ስል «8080 ፖርት ተይዟል» ይለኛል።

«ማን ነው የያዘው?» ይላሉ ሐጂ ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው።

«ራሱ ነው። አልሞተም።»

«እንዲህ ያለ ተከራይ እኔም አለኝ» ብለው ይመለሳሉ።

ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ሰው የመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊትን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲጠግንና ሲፈትሽ በተፈጠረ ችግር ሰው ከሒሳቡ የሌለውን ብር ሲያወጣ አደረ። ወሬው ካምፓስ ለካምፓስ ዞረ፤ ተማሪው ከኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደተናገረው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ ወጥቷል፤ የጠላፊ ጥቃት ግን አልነበረም። ዓመት ሙሉ «ሲስተም የለም» እያልን ስናማርር ከርመን፣ የዚያን ሌሊት ያስደነገጠን ሲስተም መኖሩ ነው።

ስለዚህ የሰርቨር ቁልፍ በእጃችሁ ያለ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስታጠፉ በወጉ አጥፉ፤ በተለይ የገበያ ቀን ነውና ቅዳሜ ረፋድ ላይ እባካችሁ አትንኩብን።