በቋንጃዬ ስለ ተተከለው መርፌ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ወለጋ፣ ጊዳ አያና።

እኔ ከናፍቆትዎና ከወገቤ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ጊዜ ደውለው ስልኩን ያላነሣሁት የባሕር ማዶ ኩራት ይዞኝ ሳይሆን፣ በሆዴ ተደፍቼ 16 መርፌ እንደ ጃርት ተሰክቶብኝ ስለ ነበር ነው።

በፓርኪንግ ምድር ቤት ተቀምጬ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩባቸው ዓመታት ወገቤን እንደ ሞፈር ካጎበጡት በኋላ፣ ክኒኑም ቅባቱም ቢታክተኝ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አኩፓንክቸር የሚሉትን ጥበብ ከምታውቅ ቻይናዊት ዘንድ መራኝ። እኔም ፈውስ ፈላጊ እንደ ጠበል ተጠማቂ በባዶ ሆዱ መቅረብ ይገባዋል ብዬ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ሳልቀምስ (ቡናን ከእህል አልቆጠርኩትም) ብሄድ፣ ሴትዮዋ፣ በባዶ ሆድ የሚወጋ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃልና መጀመሪያ ቅመስ ብላ ወደ ዳቦ ቤት ሰደደችኝ።

ስመለስ ምላስህን አውጣ አለችኝ። እርስዎ ፊት ባወጣው የሚደርስብኝን እያሰብኩ አወጣሁት፤ እርሷም እንደ ብራና ቀለሙንና ሽፋኑን ስትመረምር ቆይታ ፊቷን ቅጭም አድርጋ «ቡና ጠጥተሃል» አለች። ለካ ቡና ምላስን አቅልሞ ምርመራውን ያሳስታልና ከቀጠሮ በፊት አይጠጣም። የወለጋን ልጅ ቡና ጠጥተሃልን ማለት ዓሣን ረጥበሃልን ማለት መሆኑን ላስረዳት ብሞክር፣ ሦስት ጣቶቿን በእጄ አንጓ ላይ አሳርፋ እንደ በገና ደርዳሪ የደም ሥሬን ታዳምጥ ነበርና አልሰማችኝም።

መርፌው በጤና ጣቢያ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ ውስጡ ድፍን፣ መድኃኒት የማይሰጥበት፣ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ያህል የሆነ ሽቦ ነው። በቀጭን ቱቦ አድርጋ ቆዳዬ ላይ አቁማ በጣቷ መታ ስታደርገው፣ የሰማዕታትን ገድል እያሰብኩ የጀመርኩት 41 እግዚኦታ ሰባተኛው ላይ ሳይደርስ መርፌው ገብቶ አልቆ ነበርና አፈርኩ። ጥቂት ስታሽከረክረው ብቻ ድንዛዜ የሚመስል ክብደት እስከ ተረከዜ ወረደ፤ ይኸው ስሜት መድረሱን ብነግራት ደስ አላት።

ወገቤን ታምሜ ቋንጃዬን መወጋቴ ቢያስገርመኝ፣ ለካ ጄምስ ሬስተን የተባለው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛም በ1963 ዓ.ም. ክረምት በቤጂንግ ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት በኋላ ሆዱ ቢነፋ የተወጋው በክርኑና ከጉልበቱ በታች ነበር፤ አሜሪካኖችም ይህን ጥበብ በሰፊው ማውራት የጀመሩት እርሱ ከጻፈ ወዲህ ነው። ጃንሆይ በ1964 መጀመሪያ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከኒክሰን ቀድመው ቤጂንግ መግባታቸውን እርስዎ ሁልጊዜ ያነሣሉና፣ ጋዜጠኛው ከሁለቱም እንደ ቀደመ ይወቁልኝ።

መብራቱን አደብዝዛ ለ25 ደቂቃ ብቻዬን ስትተወኝ ነው እንግዲህ ስልክዎ የጮኸው። መርፌውን ነቅላ ስትጨርስ ደግሞ ብርጭቆዎች አውጥታ፣ በእሳት እያሞቅሁ ጀርባህ ላይ ልድፋቸው? ብትለኝ «ዋግምት!» ብዬ በአማርኛ ጮኽሁ። የእርስዎን ቀንድ፣ በአፍዎ ስበው ጫፉን በሰም የሚደፍኑትን፣ ሸሽቼ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ስደበቅ የነበርኩ ልጅ፣ ባሕር ተሻግሬ 90 ዶላር ከፍዬ ተደፋሁ።

ወገቤ ድኗል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ያን ሌሊት ግን ሳልገላበጥ ተኝቻለሁ። አንድ ነገር በእግርዎ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ሴትዮዋ እያንዳንዱን መርፌ ከታሸገበት ፊቴ ቀድዳ አውጥታ፣ ሥራው ሲፈጸም ጣለችው እንጂ ለሁለተኛ ሰው አላስቀመጠችውም። እርስዎም ዋግምት ሲያስሩ ምላጩን ለአንድ ሰው አንድ ያድርጉልኝ፤ ዋጋውን እኔ እልካለሁ።

ሁለተኛው ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ በእናንተ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነውና በዚያን ጊዜ አይደውሉ።

አክባሪዎ፣ የእኅትዎ ልጅ