ስክሪናችሁ ጠፋ፣ እኔ ተፈተሽኩ

ለተከበረው ጽሕፈት ቤት
አዳማ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም በዚህ ደብዳቤ አልጠራም። የአንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እኛስ ከማን አንሰን!» ብለው እንዳይቀየሙ ብዬ ነው። ከፍራንኮ ሰፈር እስከ ፖስታ ቤት ያለ ባለጉዳይ ሁሉ የራሱን መስኮት ስለሚያውቅ፣ የሚቸገር አንባቢ አይኖርም።

እኔ በዚሁ ከተማ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የማድር ሰው ነኝ። ወደ እናንተ የመጣሁት ግን ለጥገና አልነበረም፤ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ፈልጌ ነው። ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ደረሰ። የመስኮቷ ሠራተኛ ስሜን እስከ አያቴ ጽፋ ጨረሰች፤ አተመች፤ ማኅተሙን ልታወጣ መሳቢያውን ሳብ ስታደርግ ስክሪኑ ድርግም አለ።

እኔ ላይ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከኋላዬ የቆሙት እናት ግን «አይዞህ ልጄ፣ አመሉ ነው» አሉኝ። ከወንጂ እየተመላለሱ ነው፤ በመጡ ቁጥር እንዲሁ ሲያደርግ አይተውታል። ሠራተኛዋ ማውዙን ወዘወዘች፣ ኪቦርዱን ቀጠቀጠች፣ ሞኒተሩን ጎኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። በራ፤ ስሜን አሳየኝና መልሶ ጠፋ። «መዝገብ ቁጥሩን ሳላይ ማኅተም አልመታም» አለችና፣ ያ አገር የሚያውቀው ፍርድ ተሰማ፦ «ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ።»

ክቡርነትዎ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ሲስተሙ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሲፒዩ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ሞኒተሩም ኤሌክትሪክ አልጎደለበትም፤ የማብሪያው ሰማያዊ መብራት ወደ ብርቱካናማ ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። እንዲህ ሲሆን ሞኒተሩ ደኅና ነው፣ ምስሉ ነው የማይደርሰው። አንገቴን አስግጌ ከጀርባው ባይ፣ ያቺ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ አንድ ጎኗ ወጥቶ ተንጠልጥላለች፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖቿ ከተገጠሙ ጀምሮ የጠበቁ አይመስሉም። ኬብሉ በመሳቢያው ጀርባ ነው የሚያልፈው። መሳቢያው ሲሳብ ኬብሉ ይሳባል፣ ስክሪኑ ይጨልማል። መሳቢያው ውስጥ ያለው ደግሞ ማኅተሙ ነው። እናንተ «እንዲያው በዘፈቀደ ይጠፋል» የምትሉት ስክሪን የሚጠፋው፣ ሰው ማኅተም ሊያገኝ ሲል ብቻ ነው።

በኬብሉ አልፈርድም። ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 ከአይቢኤም ጋር የመጣ አዛውንት ነው፤ ኢንቴልና ኤኤምዲ በ2015 እንደሚሰናበቱት ያስታወቁት ገና በ2010 ነበር። እናንተ ዘንድ ግን በሥራ ገበታው ላይ አገኘሁት።

«እህቴ፣ ኬብሉ ላልቷል፤ ካልከፋሽ ላጥብቀው» አልኩና እጄን በመስኮቱ ሰደድኩ። የጥበቃ ሠራተኛችሁ የደረሰው ይኼኔ ነው። «አንተ! እጅህን አውጣ! የመንግሥት ንብረት ነው!» ልጁ የልጄ እኩያ ነው። ክንዴን ጨምድዶ ከሰልፉ አወጣኝና ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።

ከዚያ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ እያነሳ ለሰልፈኛው አሳየ። መጀመሪያ ባትሪ። «በጠራራ ፀሐይ ባትሪ?» ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ መልሱን ባይጠብቅም። ስክሪን ሲጨልም ባትሪ በአግድም አስጠግቼ አበራበታለሁ፤ ፊደሎቹ በስሱ ከታዩ ምስሉ አለ፣ የሞተው ከጀርባ ያለው መብራት ነው። ቀጥሎ ላጲስ። «በዚህ ዕድሜህ ትምህርት ቤት ገባህ እንዴ?» ሰልፈኛው ሳቀ። ሠራተኛዋም ሳቀች። በአዳማ ነፋስና አቧራ የራም ጥርሶች ሲጠቁሩ ኮምፒውተር ጨርሶ ምስል አልሰጥም ይላል፤ ነቅሎ በላጲስ ፈግፈግ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት «ዝም በል» ተባልኩ። ከዚያ ካቻቢቴዬ ወጣ። ሳቁ ቆመ። ልጁ ካቻቢቴውን ከፍ አድርጎ ያዘውና «ይሄስ?» አለ።

ክቡርነትዎ በዚያ ሲያልፉ አይተውኛል። «ምን አድርጎ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጥበቃውን እንጂ እኔን አይደለም። «ኮምፒውተር ሊያበላሽ ሲል ያዝነው» አለዎት። ራስዎን ነቀነቁና አለፉ። ከዚያ ጥበቃ ክፍል ገብቼ «ዳግመኛ የመንግሥት ንብረት አልነካም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ቀኑን መጻፍ ረስቼ ኖሮ መልሰው ጠሩኝና እሱንም አስሞሉኝ። በዚህ በኩል ሥራችሁ እንከን የለውም።

ሰልፉ ላይ ደንበኞቼ ነበሩ፤ ላፕቶፓቸውን ከነፎቶው፣ ከነምስጢሩ አምነው ትተውልኝ የሚሄዱ ሰዎች። አንዱ እኔን ላለማየት ስልኩን ይነካካ ጀመር። እኔ ሌባ አይደለሁም። የሰው ዕቃ አበላሽቼ አላውቅም፤ የተበላሸውን እየጠገንኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። እናንተ ሁለት ብሎን ማጥበቅ አቅቷችሁ፣ ላጥብቅላችሁ ያለውን ሰው ክንዱን ይዛችሁ ትጎትታላችሁ! አታፍሩም?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። የጀመርኩት ምስጋና ነበር።

መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ባልተናገርኩ። የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ጎረቤታችን ነው፤ የአዳማ ሁለት 102 የነፋስ ተርባይኖች ብቻቸውን 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ እንዲያም ሆኖ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ለምደነዋል። ያን ቀን ግን አልሄደም። ስለ መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ዕቅድ ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፍ፤ የእኔ ጉዳይ ከአንድ ኬብል አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ «አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተገዝተው እስኪገቡ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ማስታወቂያ በራችሁ ላይ መለጠፉን ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል። አዲሱ ሞኒተርም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ኬብሉም በዚያው መሳቢያ ጀርባ ያልፋል። አንዳንዴ ሳስበው፣ ያ ስክሪን እንዲጠገን የሚፈልግ ሰው እናንተ ጋ ያለ አይመስለኝም። የበራ ስክሪን «መዝገቡ የት ደረሰ? ማን ያዘው?» ያስብላል። የጠፋ ስክሪን ግን ሰልፉን በሙሉ ወደ ቤቱ ይሸኝላችኋል፤ የሚጠየቅም የለም። ባለጉዳዩ ጥፋቱን የሚሰጠው ለማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ክንዱን ተይዞ ጥበቃ ክፍል አይገባም።

የማመለክተው ጥቂት ነው። የወንጂዋን እናት ወረቀት መዝገብ አገላብጣችሁም ቢሆን በእጅ ጻፉላቸው፤ ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊትም በዚህ ከተማ ማኅተም ይመታ ነበር። የፈረምኩትን ወረቀት ቀድዳችሁ ጣሉልኝ። ጥበቃ ክፍል የቀረው ካቻቢቴዬም ይመለስልኝ፤ እናንተን ምንም አይረዳችሁም። የቪጂኤ ብሎን በጣት ነው የሚጠብቀው፣ ወደ ቀኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የመንግሥት ንብረት ላለመንካት የፈረመው ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ክፍል
ለመስኮቷ እህቴ፤ እስከዚያው መሳቢያውን ቀስ ብለሽ ሳቢው።