ወንዙ ውስጥ ቆሞ ወንዝ ፍለጋ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከለቡ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ የወረደው የአዲስ አበባ ሒሳብ ሹም ሻንጣው ውስጥ ወፍራም ሹራብ ይዟል። አልጋ ያስያዘለት የድሬ ባልደረባው በስልክ «ወንዝ ዳር ነው፤ መስኮቱን ስትከፍት ደቻቱ ፊት ለፊትህ ነው» ስላለው፣ የማታው ነፋስ እንዳይመታው ተጠንቅቆ ነው። ከባቡሩ ሲወርድ የተቀበለው ግን ወላፈን ነው።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ያዘ። ሾፌሩ ገና ጢም ለማብቀል የሚታገል ልጅ ነው። የእንግዳውን ሽበት፣ ኮትና ክራባት ከላይ እስከ ታች አየና «አቦ! ኮቱን አውልቀው እንጂ፣ ትቀልጣለህ!» አለው።

እንግዳው በልጁ እኩያ «አንተ» ተብሎ አያውቅም። ድሬ ላይ ግን ሹምም ሆነ ሽማግሌ «አንተ» ነው። ንቀት የለበትም፤ እንዲያውም «እርስዎ» ሲሉት «ምን አስቀየምኳቸው?» ብሎ የሚጨነቅ አይጠፋም። ይህን የነገረው ሰው ስለሌለ፣ ፊቱን ኮስተር፣ ክራባቱን ጠበቅ አድርጎ፣ በላብ ታጥቦ ከተማ ገባ።

ባጃጁ በከዚራ በኩል አለፈ። ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶቹና ለመንገዶቹ ጥላ በሆኑት ትልልቅ ዛፎቹ ይታወቃል፤ እምብርቱ የድሮው የምድር ባቡር ጣቢያ ነው። ከተማዋን የወለዳት ይኸው ጣቢያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት፣ ከጅቡቲ የሚዘረጋው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ከተራራው ሥር ሲደርስ ግን አቀበቱና የገንዘብ እጥረቱ ተባብረው ቆሙበት። ሐረር ያለችው 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባቡሩ ወደ ሐረር ከሚወጣ ሐረር ወደ ባቡሩ ትውረድ የተባለ ይመስል፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚሁ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ለአዲሱም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት። ሐዲዱ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ ከ14 ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድሬ የምትጭነውን ስትጭን፣ የምታራግፈውን ስታራግፍ፣ ከተማ ሆነች።

ከዚራን የነደፉት የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ናቸው፤ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ጣሊያኑ ሰፈሩበት። መጋላ ከማዶ ነው። እዚያ ዓረቡና ሕንዱ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞውና ሐረሪው በየፊናቸው ሱቅ ከፈቱ፤ መንገዱ ሱቆቹ ከቆሙ በኋላ በመሀላቸው እየተሽሎከለከለ ማለፊያ ፈለገ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው ደቻቱ ነው።

እንግዳው ሆቴሉ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከተማው ጭር ብሏል፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ ባለሱቁም ተኝቷል። ድሬ ላይ ቀትር የእንቅልፍ፣ ለሚቅመውም የጫት ሰዓት ነው፤ ሥራ የሚጀመረው ፀሐይዋ ረገብ ስትል ነው። ሰውዬው ክፍሉ ገብቶ ወደ መስኮቱ ቸኮለ። ከፈተው። ሰፊ አሸዋ። አሸዋው ላይ ኳስ የሚያሳድዱ ልጆች፣ ሁለት ግመሎች፣ በሸራ ላይ የተዘረጋ ልብስና ጫማ። ወንዙ ከዚህ ሜዳ ባሻገር ነው ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ባልደረባውንም «ወንዝ ዳር» ሲል ትንሽ አጋኗል ብሎ ታዘበው።

አሥር ሰዓት ላይ ካሜራውን አንግቶ ወጣ። አሸዋውን አቋርጦ መሀል ላይ ሲደርስ ጫማው ውስጥ የገባውን ሊያራግፍ ቆመና፣ ለኳስ ማስቆጠሪያ ድንጋይ የሚደረድር ልጅ ጠየቀ። «የኔ ልጅ፣ ደቻቱ ወንዝ በየት በኩል ነው?»

ልጁ እግር እግሩን አየው። «ረግጠኸው ቆመሃል እኮ!»

ኳሱ ቆመ። ጓደኞቹ እየተሯሯጡ መጡና ጥያቄውን ደግሞ እንዲጠይቃቸው ለመኑት፤ አንዱ ለሌላው «ወንዙ ጠፍቶት ነው» እያለ አስተዋወቀው። ከሸራው ኋላ ጫማ ስትደረድር የነበረች ሴትዮ ግን አዘነችለት። «ውሃውን ነው የምትፈልገው?» አለችና አገጯን ወደ ተራራው አነሣች። «ደንገጎ ነው ያለው። ሲመጣ አንተ አትፈልገውም፤ እሱ ይፈልግሃል።»

ሴትዮዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር የጨረሰችው የደቻቱ ጠባይ እንዲህ ነው። ወንዙ የሚሞላው ድሬ ላይ በሚዘንበው ዝናብ አይደለም። በሐረርጌ ደጋ፣ በደንገጎ በኩል የጣለው ዝናብ የተራቆተውን ቁልቁለት ይዞ ይንደረደርና ከተማው ውስጥ ይገባል። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየተቆጠረ ውሃው ሊደርስ ይችላል። ቀሪውን የዓመቱን ጊዜ መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ የኳስ ሜዳ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አድርጓል። ዛሬ ዳርና ዳሩን ተከትሎ የሚታየው የድንጋይ ግንብ ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠርቶበታል። ሴትዮዋም ዕቃዋን ስትዘረጋ ፊቷን ወደ ተራራው አድርጋ ነው የምትቀመጠው።

በዚህ ረገድ የደቻቱ የጥንት ጎረቤቶች ብልሆች ነበሩ። ከከተማው በስተደቡብ፣ ወንዙን ቁልቁል በሚያይ ገደል ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ፈረንሳዊው ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቄሱ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደን እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት ነው። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩት ነዋሪዎቹ ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ቁርጥራጭ ትተው ሄደዋል፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል ሆኗል። እየፈጩ ቀለም ያደርጉት ነበር። መኳኳያቸውን ይዘው ገደል ላይ ሰፈሩ እንጂ አሸዋው ላይ አልተኙም።

እንግዳው ከልጆቹ ሳቅ አምልጦ መጋላ ዘለቀ። ከፊራ ገበያ በዓረብ አገር ቅርጽ በተሠሩ ቅስት በሮቹ እየዋጠ የሚተፋው ሰው የጠዋቱን ያህል ባይሆንም አላለቀም። እንጨት አራግፎ የሚመለስ ግመል በሽንኩርትና በቲማቲም መደቦች መሀል እንደ ባለርስት ይንጎራደዳል። በአንድ መደብ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ተራ ሳይጠብቁ ይነገራሉ፤ ሒሳቡ ግን ሳንቲም አይዛነፍም። ድሬ የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተባትና ዓሊ ቢራ ተወልዶ ያደገባት ከተማ ናት፤ ዘፋኙ በብዙ ቋንቋ ማዜሙ እዚህ ገበያ መሀል ለቆመ ሰው አይገርምም።

አንድ በረንዳ ላይ ፈጢራ አዘዘ። ጋጋሪው ሊጡን በዘይት በራሰ መደብ ላይ በመዳፉ እያሳሳ ዘረጋው፤ ማዶው እስኪታይ ሲሳሳ ዕንቁላል አፈሰሰበት፤ አራት ጠርዙን አጣጥፎ በጋለው ብረት ላይ ጣለው፤ ከዚያም በቢላ ከትክቶ ማር አፈሰሰበት። «ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ!» አለው። በዚህኛው «ብላ» እንግዳው አልተኮሳተረም። ኮቱንም አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ፤ ክራባቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሁለተኛ ፈጢራም አዘዘ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ተራራው ዞረ። ደንገጎ ጠቁሯል። ወደ አሸዋው ሲመለስ ሸራ እየተጠቀለለ፣ ጫማ በማዳበሪያ እየተከተተ፣ ግመል እየተጎተተ ነው። የሚጮህ የለም፤ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ልጆቹ ለማስቆጠሪያ የደረደሩትን ድንጋይ ሳይቀር ይዘው ወጡ። እንግዳው ማቋረጡን ትቶ ወደ ድልድዩ ሲያመራ የቀትሩ ባለባጃጅ አገኘው።

«የቀኑን እጥፍ ትከፍላለህ» አለ ልጁ። «ወንዙ ሊሞላ ነው።»

«አንተ!» አለ የሒሳብ ሹሙ። «በድልድይ ነው የምትሄደው ወይስ በታንኳ?»

ክርክሩ በአንድ ዋጋ ተኩል አለቀ። ድልድዩ መሀል ሲደርሱ ግን ባጃጁ ቆመ፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሁሉ ቆሟል። ውሃው መጣ። መጀመሪያ ቡናማ ምላስ አሸዋውን እየላሰ፣ ቀጥሎ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመ አረፋ፣ ከዚያ ድምፁ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ አጥሩን ተደግፎ ያያል። እንግዳውም አጠገቡ ተደግፎ ፎቶ ያነሣል።

ስልኩ ጮኸ። ለእራት የቀጠረው ባልደረባው ነው።

«የት ነህ?»

«ደቻቱ ላይ።»

«ላይ ወይስ ውስጥ?» አለ ባልደረባው ደንገጥ ብሎ።

«ላይ! ባለባጃጁ ወንዙን አይቼ ካልጠገብኩ አልነዳም ብሎኝ ነው።»