እሱ ጠፋ፣ ስሙን ያጠፋሁት እኔ

ኪችን ካቢኔታችንን ሊሠራ ቀብድ ተቀብሎ የሄደው ባለሙያ እነሆ አምስተኛ ወሩን ይዟል። እሱ ጠፍቷል፣ ቀብዱ ጠፍቷል፣ ስልኩም ጠፍቷል። አጥፊ ተብዬ ልከሰስ የምችለው ግን እኔ ነኝ፤ ስሙን ካጠፋሁ። ስለዚህ ስሙን አልጠራም። ሰፈሩንም አልናገርም። የሚነዳት ሚኒባስ የኋላ መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ጥቅስ... አያችሁ? ሊያመልጠኝ ነበር።

ደግሞስ ምን በወጣው ይወቀሳል? የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሜትሩን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ጫማ አውልቆ የሚገባ ባለሙያ እንዴት ይጠረጠራል? ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ለካና ልስኑ ላይ በእርሳስ «2.40» ብሎ ጻፈ። ውላችን እሷ ናት። «ምናልባት አንድ ወረቀት ነገር...» ብዬ ስጀምር ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ በመተማመን ነው የምንሠራው» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ እስካሁን ያሳፍረኛል። ለካሣ ያህል ቡና አስፈላሁለት፤ 60 ሺህ ብር ቀብዱንም እዚያው በስልኬ ላክሁለት። የባንኩ አፕሊኬሽን ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ «ምክንያት» ብሎ ጠየቀኝ። «እሺ» ብዬ ሞላሁለት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ኤምዲኤፍ ከመርካቶ ጠፋ። ኤምዲኤፉ ሲገኝ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ አያቱ አረፉ፤ ነፍስ ይማር አልን። በሁለተኛው ሳምንት አያቱ አረፉ። ሰው እስከ አራት አያት ሊኖረው ስለሚችል አሁንም ነፍስ ይማር አልን። «መንገድ ላይ ነኝ» ባለኝ ቀን ግን የዋሸኝ አይመስለኝም፤ ወዴት የሚወስድ መንገድ እንደሆነ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ባለሙያውን ያመላከቱን ከእኛ በታች ያሉት እትዬ ናቸው። «እጁ ወርቅ ነው» ብለው። ድስቶቻችን በካርቶን እንደታሸጉ ሦስተኛ ወራቸውን ሲይዙ ወርጄ አማከርኳቸው።

«ውይ! እናንተንም?» አሉኝ።

«እናንተንም ሲሉ?»

«የእኔን ካቢኔት መዝጊያውን ሳይገጥም ከሄደ እኮ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ታዲያ እትዬ፣ ምነው ቢነግሩን?»

«እናንተ ጋ ሲመላለስ ደረጃው ላይ ይዤ የእኔን አስጨርሰዋለሁ ብዬ ነዋ!»

ሰውን ማጥመጃ አድርጎ ዓሣ መጠበቅ እንዲህ ነው። ሳጠያይቅ ከሕንፃችን አራት አባወራ ቀብድ በልቶባቸዋል። አራቱም ያውቃሉ። አራቱም እርስ በርሳቸው ተነጋግረዋል። እኔ ሜትር ሲዘረጋልኝ ግን አንዱም ትንፍሽ አላለም፤ አስቀድሞ መናገር የሰው እንጀራ መዝጋት ነዋ! ከተበላሁ በኋላ ግን ደጄ በሰው ተጨናነቀ። «እኔ ያኔውኑ ዓይኑን አይቼ...» የሚል፣ «ምነው ብትጠይቀኝ» የሚል። የእኛ ማስጠንቀቂያ እንደ ለቅሶ ነው፤ ሟቹ ሳይቀበር አንደርስም፣ ከደረስን በኋላ ግን ማን ይችለናል!

በዚህ ሁሉ መሃል ደሜ ፈላና የነዋሪዎቹ ቴሌግራም ላይ ልለቀው አንድ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። «ሌባ» በሚለው ይጀምራል፤ «የሌባ ልጅ» እያለ ወደ ዘሩ ይዘልቃል። ሚዜ ሆኖ በሱፍ የተነሳውን ፎቶግራፉን ከፕሮፋይሉ አውርጄ አያይዤለታለሁ። በሕይወቴ እንዲህ አምሮልኝ ጽፌ አላውቅም። የሙያተኛ ውል አራት መስመር ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት፣ መቼ፣ ፊርማ። እሱን ጻፍ ስባል እጄ የዛለው ሰውዬ ስድብ ላይ ስደርስ ገጽ አልበቃኝም።

ላኪ የምትለዋን ልነካ ስል ሕግ የተማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ጣትህን አንሳ» አለኝ።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 መሠረት፣ የሰውን ስም ለመጉዳት አስቤ ለሌላ ሰው ካወራሁ፣ ያወራሁት እውነት ቢሆን እንኳ፣ ተበዳይ ነኝ ባዩ ካመለከተ እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ሊፈረድብኝ ይችላል። በ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ የሰውን ክብርና ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ማሰራጨት እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ያስከትላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ።

«ስልክ ኮምፒውተር ነው እንዴ?»

«ነው።»

ስለዚህ በረንዳ ላይ ወጥቼ ብጮህ ስድስት ወር፣ ቁጭ ብዬ በጣቴ ብጽፍ ሦስት ዓመት። ለጉሮሮ ቅናሽ አለው።

«እውነት ከሆነስ?» አልኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2047 እውነት ለተናገረ ሰው መከላከያ ይሰጣል፤ ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካልተናገረ። «አንተ ግን ሌባ መሆኑን በምን ታስረዳለህ? ማን ፈርዶበት?»

«60 ሺህ ተቀበለኝ፣ ሥራውን አልሠራም!»

«እሱን ጻፋ።»

«እሱማ ምን ስድብ አለው?»

ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ቀጥሎ ይባስ ብሎ የምሥራች ነገረኝ። በ1952 የወጣው ያው ሕግ ቀብድን ያውቀዋል፤ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል ይላል፤ 1885 ደግሞ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልስ ይላል። እጥፉን! 120 ሺህ ብር ሊመጣልኝ ነው። ካቢኔቱ ቀርቶ በረንዳውን በአልሙኒየም ማዘጋት አማረኝ።

«ማስረጃህን አምጣ» አለኝ።

ደረሰኙን ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። ምክንያት፦ እሺ።

«ሙሉ ስሙስ? ለክሱ ስምና አድራሻ ያስፈልጋል።» ስልኬ ውስጥ የአባት ስም ያለው ባለሙያ የለም፤ የሁሉም አባት ሙያቸው ነው። ዳዊት ቧንቧ፣ ሰለሞን ኤሌክትሪክ፣ ታምሩ ጂፕሰም። ያንን ጽሑፍ በስም ለቅቄው ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ንጹሕ ዳዊት ቧንቧ ደንበኛውን ያጣ ነበር? (የእኔው ዳዊት አይባልም፣ ቧንቧም አይሠራም። እየተጠነቀቅሁ ነው።) ባንኩ ያወጣልኝ ስም ደግሞ የሴት ነው፤ ገንዘቡን ያስገባው በማን ሒሳብ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

«ሌላ ምስክር?»

«ግድግዳው ላይ ጽፎልኛል!» ብዬ ወደ ወጥ ቤት መራሁት። ባለቤቴ ካቢኔቱ እስኪመጣ ቢያንስ ይጽዳ ብላ ባለፈው ሳምንት ቀለም አስቀብታዋለች። ቀለም ቀቢው በቀጠሮው ቀን መጥቶ፣ በቀጠሮው ቀን ጨርሶ የሄደ ብቸኛው ባለሙያችን ነው፤ ያጠፋው ግን ያለኝን ብቸኛ ሰነድ ነው። ምንም እንከን አልነበረበትም፣ ሁለት ጊዜ ደርቦ ነው የቀባው።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር። «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብዬ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ግን አጽናንቶኛል። በዚያው በ1952ቱ ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ያኔ ስንት ነገር የሚገዛ ብር ነበር፤ ዛሬ የበዓል ዶሮ አያመጣም። «ገበያዬ ቀዘቀዘ» ብሎ ኪሳራውን ካላስረዳ በስተቀር የዚያ ሰውዬ የቆሰለ ስሜት ከአንድ ዶሮ ያንሳል። ከስድቦቼ መሃል የመጀመሪያዋን ብቻ እንኳ በዚህ ዋጋ ለመግዛት አሁንም ይቃጣኛል። ስልክ ላይ መሆኔን ሳስታውስ ግን እተወዋለሁ።

ትናንት ሌላ ባለሙያ መጣ። ያመላከቱን አሁንም እትዬ ናቸው፤ እኔም ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ልጅ እግር ነው፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። በዚህኛው አልሸነፍም ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ቀድሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ አላመኑኝም ማለት ነው?»

«ኧረ በፍጹም፣ ለማስታወሻ ያህል...»

«ጥሩ አሰቡ፤ እኔም ማስታወሻ ረስቼ ነው የወጣሁት» አለና ወረቀቱን ወሰደው። ሜትሩን ዘርግቶ ያንኑ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ለካና «2.38» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ቀብዱን በየትኛው ባንክ እንደምልክለትም ጠየቀኝ።