በመንዜው እንግሊዝኛ ለሳቅህ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ ልጅ «አፍተር አይ ፊኒሽድ ስኩል፣ አይ ዊል ጎ ሆም» ሲል ከት ብለህ የሳቅህ የከተማ ልጅ፣ ና እስቲ ቁጭ በል።

«ተሳስቷላ!» ትለኛለህ። አዎ፣ ተሳስቷል። «አፍተር አይ ሃቭ ፊኒሽድ» ማለት ነበረበት፤ «አፍተር አይ ፊኒሽ» ቢልም ያስኬደው ነበር። ስህተቱን ከየት እንዳመጣው ግን ታውቃለህ? አንተም ከምትናገረው አማርኛ! «ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ አገሬ እገባለሁ» ትል የለም እንዴ? «ጨረስኩ» መልኩ ያለፈ ነው፤ ትምህርቱ ግን ገና አላለቀም። አማርኛ እንዲህ ባለ ቦታ የኃላፊውን ግስ ለነገም ይጠቀምበታል። ልጁም ከእናቱ የሰማውን ሥርዓት ጠብቆ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። ይህን ድንቁርና የምትል ከሆነ የራስህን ቋንቋ አታውቀውም።

«እንግዲያው በ‹ዊል› ይናገራ!» እንዳትሞክረው። እንግሊዝኛ «ዌን»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል»፣ «አዝ ሱን አዝ» ብሎ ጊዜ በሚያመለክተው ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዊል» አያስገባም። ነገን የሚናገረው ዋናው ነው። ጥገኛው ድርጊቱ ማለቁን መናገር ሲፈልግ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ይላል።

የመንዝን የሣር ምድር፣ ጓሳን እንውሰድ። በጥንቱ ሥርዓት የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር፤ የሚታጨደው ሲደርስ ነው። «ሣሩ ከደረሰ በኋላ ጓሳ ይከፈታል» ለማለት «ዌን ዘ ግራስ ሃዝ ግሮውን፣ ዘይ ዊል ኦፕን ጓሳ» እንላለን። «ሃዝ»ን አንሥተህ «ዌን ዘ ግራስ ግሮውስ» ብትል፣ ሣሩ ገና እያደገ ሳለ ማጭድ ይዘህ ልትገባ ነው። ለአንተ ትንሽ ቃል ናት፤ ለጓሳ ግን ዘበኛ ናት።

በ«ሲንስ» ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ አይ ሌፍት ሞላሌ»። «ሃቭ» ወደ ዋናው ሄደች፤ ጥገኛው ተራ ኃላፊ ሆነ።

«ይሄ ለመንዜ ይከብደዋል።» ለመንዜ? አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ወጥቶ የገበሬውን ኑሮ አጥንቶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው። ሰሙን ከወርቁ የሚለይ ጆሮ «ግሮውስ»ን ከ«ሃዝ ግሮውን» መለየት ያቅተዋል?

«ለአንዲት ‹ሃቭ› ይህን ያህል ምን ያንጨረጭርሃል?» ያንጨረጭረኛል እንጂ! ሞላሌም ሆነ ራቤል፣ ዓለም ከተማም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው አልልም። ነገር ግን ጥያቄው «አፍተር ዘ ሜታል ሃዝ ኩልድ» ሲል፣ ብረቱ ቀዝቅዞ መጨረሱን ያልተረዳ ልጅ ፊዚክሱን እያወቀ ነጥቡን ያጣል። ይሄ አያንገበግብም?

«መምህሩ ያስረዳዋ!» በምን ቋንቋ? በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር እንደ ጥፋት የሚቆጠርባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈለው። በግራ «ከጨረስኩ በኋላ» ብሎ ይጻፍ፤ በቀኝ «አፍተር አይ ሃቭ ፊኒሽድ»። ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ በጠመኔ ያስምርበት፤ ምክንያቱንም በአማርኛ ይንገራቸው።

«አማርኛ እንግሊዝኛውን ያበላሽበታል።» እንዲያ ከሆነ ቅኔ ቤት ሂድና የኔታን ጠይቃቸው። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። ተማሪው ግን ግሱን በአማርኛ እየፈታ፣ ኃላፊውን ከትንቢቱ፣ ዘንዱን ከትእዛዙ እየለየ ቅኔ እስከ መቀኘት ይደርሳል። በአማርኛ በመማሩ ግእዙ የተበላሸበት ባለቅኔ ካለ አምጣና አሳየኝ።